የሁለት ሰዓቱ ዜናና የሁለት ሰዓት ተኩሉ ጨዋታ

ባለፈው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ «ቴሌቪዥኑ ከአዳራሹ ይውጣልን» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ያላነበበ ዕጩ መምህር ያለ አይመስለንም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ከምሳ ሰልፍ ይልቅ እዚህ ግድግዳ ሥር የቆመው ሰው ይበልጥ ነበርና። ጸሐፊው ጓደኛችን ነው፤ ብዕሩም ስል ነው። ሐሳቡን ግን አልተቀበልነውም። «እኛ» ስንል በአዳራሹ የኋላ አግዳሚ ላይ የምንቀመጠው ስድስት ሰዎች ማለታችን ነው። ከመካከላችን ኳስ የሚወድ አለ፤ ዜና የሚወድ አለ፤ ሁለቱንም የማይወድ፣ ነገር ግን ብቻውን መኝታ ክፍል መዋል የሚሰለቸው አለ። እንግዲህ ለስድስት ተማክረን የጻፍነው ነውና ሐሳቡ እዚህም እዚያም ቢል አንባቢ ይታገሠን።

የጓደኛችን ክስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቴሌቪዥኑ ያጣላል፤ ጥናት ያስፈታል፤ ገንዘብም ያስበላል። ስለ ጥናቱ ብዙ አንልም። ማጥናት ያልፈለገ ሰው ቴሌቪዥን ባይኖር የጣሪያውን ቆርቆሮ እየቆጠረ ያመሻል። ስለ ገንዘቡ ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ እርሱ ቀልድ አይደለም። ጠቡን ግን እስቲ ከሥሩ እንየው።

ለመሆኑ ጠቡ ከየት መጣ? ብዙ ሰው የኳስ ወዳጆችና የዜና ወዳጆች ጠብ ይመስለዋል። እኛ ነገሩን ስንመረምረው ጥፋተኛው የለንደን ሰዓት ሆኖ አገኘነው። እንግሊዞች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ በእኛ መጋቢት አጋማሽ ገደማ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ደግሞ ወደ ኋላ። የቅዳሜው የማታ ጨዋታ በእነርሱ ሰዓት ዘወትር 5፡30 ላይ ነው የሚጀምረው። ወደ እኛ ሲደርስ ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2፡30 ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ 1፡30። ዜናው የሚጀምረው 2፡00 ላይ ነው። በመጀመሪያው ወቅት አዳራሹ ሰላም ነው፤ የዜና ወዳጅ ዐበይት ዜናዎቹን ሰምቶ ይነሣል፣ የኳስ ወዳጅ ራቱን ጨርሶ ይመጣል፣ በር ላይ ሰላምታ ተለዋውጠው ይተላለፋሉ። መጋቢት ሲጋመስ ግን ዜናው ልክ በ30ኛው ደቂቃ ላይ ይገባል። ሪሞት የሚነጠቀውም እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር የሪሞቱ ክዳን ተሰብሮ እስከ ዛሬ ባትሪው በፕላስተር የታሰረው በማን ምክንያት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በማንም ያልተገዛን ሕዝብ ነን እያልን እንዘፍናለን፤ የአዳራሻችንን ሰላምና ጦርነት የሚወስነው ግን የለንደን ሰዓት ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ከሁለቱ አንዱ ይቅር ቢባል የትኛው ይቅር? ጓደኛችን «ዜናው ይቆይ፣ ኳሱ ይቅር» ብሎ ነበር፤ ኋላ ተናዶ ሁለቱንም አስወጣቸው እንጂ። እኛ ደግሞ የምንለው፣ ዜናው ከኳሱ የሚማረው ነገር ስላለ ባይለያዩ ይሻላል ነው።

የዜናውን አማርኛ ልብ ብላችሁ ስሙት። በ«ተገለጸ» ይጀምርና በ«ተጠቆመ» ይጨርሳል። በመካከሉ አቅጣጫ ይቀመጣል፣ ግንዛቤ ይጨበጣል፣ ውይይት ይካሄዳል፣ ጥረት ይደረጋል። የአማርኛ መምህራችን ይህን «ተገብሮ» ይሉታል፤ አድራጊው የማይታወቅበት አነጋገር ማለት ነው። አሁን ድልድዩ ዘገየ። ማን አዘገየው? «በተለያዩ ምክንያቶች መዘግየቱ ተገለጸ።» እኛ ነገ አራተኛ ክፍል ገብተን «ማን? ምን? መቼ? የት?» እያልን ዓረፍተ ነገር ልናስተምር ነው። ልጁ ማታ ከአባቱ ጋር ዜና ሰምቶ ጠዋት ቢመጣና «ቲቸር፣ የቤት ሥራው አለመሠራቱ ተገልጿል» ቢለን ምን ልንመልስ ነው?

ኳስ ዘጋቢው ግን እንዲህ አይልም። ማን እንዳቀበለ፣ ማን እንደሳተ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ በስም ይናገራል። ግብ ጠባቂው ከተዘናጋ ተዘናጋ ነው፤ «በግብ ጠባቂው በኩል ውስን ክፍተቶች ታይተዋል» የሚል አልሰማንም። እስቲ ዘጋቢዎቹ ቦታ ቢለዋወጡ ብለን ከአግዳሚያችን ላይ ሞክረነው ነበር። የድልድዩ ወሬ በኳስ ዘጋቢ አፍ ይህን ይመስላል፦ «ውሉ ተፈርሟል፣ ሥራው ተጀምሯል፤ የመጀመሪያው ዓመት አለቀ፣ ምሰሶው ቆሟል! ሁለተኛው ዓመት ላይ ሲሚንቶ የለም። ወረዳው ይዟታል፤ ወረዳው ለዞኑ አሻገረ፤ ዞኑ ብዙም አልቆየባትም፣ ለክልሉ! ክልሉ ይዞ ዞረ፣ ዞረ፣ መልሶ ለወረዳው! ኧረ የጨዋታ ያለህ!» ኳሱ ደግሞ በዜና አንባቢ አፍ እንዲህ ይሆናል፦ «በ67ኛው ደቂቃ ኳሷን ከመረብ ለማገናኘት ሰፊ ርብርብ እየተደረገ መሆኑ ተገለጸ። የቡድኑ አጥቂ እንዳሉት ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው ከሠሩ ግቡ በተያዘለት ጊዜ ይቆጠራል። በእስካሁኑ ሂደትም አበረታች ውጤት መገኘቱ ተመልክቷል።» ስንት ለስንት አለቀ? እርሱ አልተገለጸም።

አንዳንድ መምህሮቻችን ይህን አንብበው «ልጆቹ ፖለቲካ ይጠላሉ» እንዳይሉን። አንጠላም። የፖለቲካ ወሬ በአግባቡ ሲቀርብ ከኳስ አያንስም። ወላጆቻችን ስለ 1997ቱ የምርጫ ክርክር ሲያወሩ ሰምተናቸዋል። ተቃዋሚና መንግሥት በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው በቀጥታ ስርጭት ሲከራከሩ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ እንደ ዋንጫ ጨዋታ ነበር የሚመለከተው ይሉናል። እኛ ያኔ አልተወለድንም፤ አለዚያም ጡት ላይ ነበርን። የክርክሩ ፍጻሜ ምን እንደነበረ ታሪክ ያነበበ ያውቀዋል፤ የዚያን ዓመት ደም መፋሰስ ለቀልድ አናነሣውም። እኛን የገረመን አንድ ነገር ነው፦ ሰው የሚከራከሩትን በስማቸው እያወቀ፣ ማን ምን እንዳለ እየቆጠረ ማዳመጡ። አድራጊው ሲታወቅ ሰው ይሰማል።

የዓባይ ግድብ ጉዳይም እንዲሁ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል የአምስት ዓመት ልጆች ብንሆን ነው። የአንድ ወር ደመወዛቸውን ሰጥተው ቦንድ የገዙ መምህራን አስተምረውናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም በየቤታችን ነበርን፤ ኋላ ተሰብስበን ስናወራ ያላየ ሰው አልነበረም። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር እንደ ውጤት ሰሌዳ በቃላችን ይዘነዋል። አንዱ ክፍለ ጓደኛችን ብቻ «እኛ መንደር ግን ምሰሶው ገና አልተተከለም» አለ። ዜናው ይህንንም ቢጨምርበት ምን ይጎድልበት ነበር?

ገበያውንም እንይ። ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተብሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲታወጅ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማግሥት ነበርን። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። አሁን ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አርሰናል በ2023 እ.ኤ.አ. ለዴክላን ራይስ እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ እንደተዋዋለ የማያውቅ ወንድ የለም። አንዱ ደግሞ በብር አባዝቶ፣ ያንን በጤፍ ኩንታል አካፍሎ፣ አገር የሚቀልብ እህል አውጥቶበታል። ጥሩ ሒሳብ ነው፤ አልተቃወምንም። ይህን ሁሉ ማስላት የሚችል ሰው ታዲያ ዘይት ለምን እንደጨመረ ሲጠየቅ «ነጋዴው ክፉ ስለሆነ» ብሎ ሲያልፍ ያናድደናል። ዜናውን ሃያ ደቂቃ ቢቀመጥበት ከዚያ የተሻለ መልስ ያገኛል፤ ግማሹን በተገብሮ ቢሰማም።

ወደ ኳሱ እንመለስና፣ ኳስ ወዳጆችንም ሳንነካ አናልፍም። የምታወሩት ሁሉ ማንቸስተርና ለንደን ነው። ስለ አገራችን ኳስ ሲነሣ «ተወው እባክህ» ትላላችሁ። በእርግጥ አንገት የሚያስደፋ ነገር አለው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያን ዋንጫ ሕዝቡ በሬዲዮ ነው የሰማው፤ ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ስናነሣ የታየበት ቀን የለም። ጓደኛችን ቴሌቪዥኑ ይውጣ ሲል ይህን ማስረጃ ቢያቀርብ ኖሮ እንኳ ትንሽ እናመነታ ነበር።

ግን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ምን ነበር የሆነው? አገር ሙሉ ጮኸ። ጨዋታው «በሜዳችን» የተደረገ ነበር። ሜዳችን የት ነበር? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ ስላልነበረን ባለሜዳ ሆነን በሰው አገር ነው የተጫወትነው። የጂኦግራፊ ዕጩ መምህር የሆነው ጓደኛችን «ልጆች የኢትዮጵያን ሜዳ በካርታ ላይ አሳዩ ብዬ ብጠይቅና ማላዊን ቢያሳዩኝ ማረም እችላለሁ?» ብሎ አስቆናል። የራሳችን ፕሪሚየር ሊግም ከ2013ቱ ውድድር ጀምሮ በዲ.ኤስ.ቲቪ መታየት ጀምሯል፤ በዚያው ዓመት ክለቦቹ በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ሐዋሳ ሲዞሩ ከረሙ። ቴሌቪዥኑ ሲገባ ደጋፊው ከሜዳ ወጣ ማለት ነው። የከተማው ልጅ የከተማውን ቡድን በዓይኑ ካላየ፣ ለንደንን ቢወድ ምን ይፈረድበታል? በዚህ ላይ ብቻ ኳስ ወዳጆችን እንከላከላለን።

ጸጥታ የሚሰፍንበት ጊዜም አለ፤ ሩጫ ሲሆን። በሩጫ ጊዜ ሪሞት የሚነካ የለም። እህቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ የወንዶች ብቻ ነው እያሉ ሲያማርሩ እውነታቸውን ነው፤ የሚወዱት ተከታታይ ድራማ ሲጀመር ከኋላ የሚያሾፈውን ሁሉ ስሙን እናውቀዋለን። ቃና በ2008 ዓ.ም. የቱርክን ድራማ በአማርኛ ማቅረብ ሲጀምር በየቤቱ ስንት ወንድ ተደብቆ ይመለከት እንደነበረ እናቶቻችን ይመስክሩ። በፓሪስ ኦሊምፒክ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር፣ ትዕግሥት አሰፋ በማራቶን ብር ሲያመጡ ግን ያ ሁሉ አሿፊ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው ያጨበጨበው። ታምራት ቶላ ደግሞ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2፡06፡26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሲያሸንፍ የነገሩን ልብ የሚነካ ጉዳይ አለ። መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ቢጎዳ ነው የተሰለፈው። እኛ ለሙከራ ትምህርት ስንወጣ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠን «መምህሩ ከቀረ ትገባላችሁ» የምንባል ሰዎች ይህ ወሬ በተለየ ሁኔታ ጣፍጦናል።

የሒሳብ ሰዎች ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ያገኙትን ይናገሩ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ 27፡18.20፣ ፖል ቴርጋት 27፡18.29። ልዩነቱ ስንት ነው? ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ። አሥርዮሽ ክፍልፋይ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው መጽሐፍ ካለ ይጠቁመን። አርሰናል በ2003/04 እ.ኤ.አ. 38 ጨዋታ አድርጎ 26 አሸነፈ፣ 12 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈ፤ ነጥቡ ስንት ነው? ሰባተኛ ክፍል ይህን በአፍ ጢሙ ይሠራዋል፤ «አበበ 26 ብርቱካን ገዛ» ብትሉት ግን ይተኛል። የግብ ዕዳማ ራሱ አሉታዊ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ጓደኛችን እውነት አለው። ከግቢያችን በር ጀምሮ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ የኳስ ውርርድ ትኬት የሚቆረጥበት ቤት ከመጻሕፍት መሸጫው ይበዛል። ባለፈው ወር ከመኝታ ክፍላችን አንዱ ከቤት የተላከለትን የወር ወጪ በሁለት ቅዳሜ ጨረሰው። ሰባቱ ጨዋታ ገባለት፣ ስምንተኛው «በላው»። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ሳምንት የእኛን ዳቦ ነው የተካፈለው። ዳቦው አይቆጨንም፤ የሚያመን እናቱ ያንን ገንዘብ ምን ሸጠው እንደላኩት ስለምናውቅ ነው።

«ሰባት ከገባ ስምንትም ይገባል፣ ለጥቂት ነው» ይላል እርሱ። እንግዲህ መምህር ልንሆን አይደል? እንቁጠር። አንድ ጨዋታ ሦስት ውጤት አለው፤ መርታት፣ መረታት፣ አቻ። ሦስቱም እኩል ዕድል አላቸው ብንልና በጭፍን ብንገምት፣ ስምንት ጨዋታ በአንድ ትኬት ሲሆን ሦስትን በራሱ ስምንት ጊዜ ማባዛት ነው። 6,561 ይመጣል። ከ6,561 ትኬት አንዱ! «እኔ ግን ኳስ አውቃለሁ» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ዐዋቂ ነህ እንበልና እያንዳንዱን ጨዋታ ከሁለት አንዱን ታገኛለህ። ከ256 አንዱ ነው። በየሳምንቱ አንድ ትኬት ብትቆርጥ በአማካይ አንድ ጊዜ የሚገባልህ በአምስት ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ላይ ትኬት ቆራጩ ቤት የሚከፍለው ዋጋ የራሱን ትርፍ አስቀድሞ ቆርጦ ያስቀረ ነው፤ አለዚያ ያን ሁሉ የግድግዳ ቀለምና አምፖል ከየት አመጣው?

ግን ይህ ቴሌቪዥኑን ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም። ትኬቱ በእጅ ስልክም ይቆረጣል። ቴሌቪዥኑ ቢወጣ ያ ጓደኛችን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ በስልክ ብቻውን እያየ፣ ብቻውን ይበላል። አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ ፊቱን እናየዋለን። «ዛሬ ምነው ጎል ሲገባ ደነገጥህ?» ብለን ነው እኮ የነቃንበት። አሁን ሁሉም በየስልኩ የሠላሳ ሰከንድ ቁራጭ ይመለከታል፤ የአንዱ ሳቅ ለሌላው አይገባም። አንድ ነገር አብረን አይተን አብረን የምንጨቃጨቅበት ይኸው አንድ አዳራሽ ነው የቀረን። በየገጠሩ ስንመደብ ይህም አይኖርም፤ ከሚጠብቁን ትምህርት ቤቶች ውስጥ የዳስ ክፍል ያላቸው እንዳሉ ደግሞ ከዚያው ከሁለት ሰዓቱ ዜና ነው የሰማነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሪሞቱን ቀድሞ የመጣ ይያዘው የሚለው ሕግ ይቅርና ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ አንድ ከኳስ ወዳጆች፣ አንድ ከዜና ወዳጆች፣ አንዲት ደግሞ ከእህቶቻችን። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው እንዳለ ይቀጥል። ከመጋቢት በኋላ ቅዳሜ ማታ ከ2፡00 እስከ እረፍቱ መጀመሪያ ኳሱ ይታይ፤ ፊሽካው ሲነፋ ወደ ዜናው ይዙር፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ይመለስ። አሥራ አምስት ደቂቃ ዜና ይገኛል። እሑድ ማታ ግን ዜናው ሙሉውን ይታይ፣ ሲያልቅም አንድ ሰው ተነሥቶ ከዜናዎቹ አንዱን በገቢር ግሥ፣ በስም እየጠራ መልሶ ይንገረን። መምህሮቻችንም በወር አንድ እሑድ ከላውንጃቸው ወጥተው ከእኛ ጋር ቢቀመጡ የፊተኛውን አግዳሚ እንለቃለን። ትኬት ይዞ የሚገባ ሰው ደግሞ ትኬቱን ለሦስቱ ሰዎች አሳይቶ ዕድሉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አስልቶ ይቀመጥ።

የአዳራሹን ቁልፍ የያዙት ጋሼ በዚህ ተስማምተዋል፤ በሩን የሚዘጉበትንም ሰዓት ጭማሪ ሰዓት ያለበት ቀን ትንሽ ሊያራዝሙልን ቃል ገብተዋል። እርሳቸው ራሳቸው ቡድን ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ግን አይናገሩም።

የሚደግፍም የሚቃወምም ስሙን ከዚህ ወረቀት ግርጌ ይጻፍ። እስክሪብቶው በክር ታስሯል። ባለፈው ጊዜ ክሩ ተበጥሶ ተወስዷልና፣ ማን ወሰደው ለሚለው መልስ «መወሰዱ ተገልጿል» እንዳትሉን።

ከኋላ አግዳሚ ተቀማጮች